የባቄላ ዘመድ

የሆሳዕና ከተማ እንድታምር የተወሰነው በስብሰባ ነው። ከዚያ በፊት አምራ ከነበረም ማንም አላወቀላትም፤ ቃለ ጉባኤ አልተያዘበትማ! ለዚህ ታላቅ ጉዳይ አንድ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመና «የአበባና የጎዳና ውበት ንዑስ ኮሚቴ» ተባለ። ሰብሳቢው አቶ አቤሴሎም የዳምቦያ ነጋዴ ልጅ ናቸው። በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ተወልደው፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ አድገው፣ ኋላ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ስለ አረንጓዴ ልማት የሠለጠኑ ሰው ናቸው። ከሥልጠናው ሰርተፊኬትና ቦርሳ ይዘው ተመለሱ። ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ቦርሳው ግን እስከ ዛሬ ከትከሻቸው አልወረደም። ሲተኙም አያወልቁትም ይባላል፤ እሱን እንኳ ባለቤታቸው ናት የምታውቀው።

ኮሚቴው መጀመሪያ ዓይኑን የጣለው በከተማው መግቢያ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ በቆመ አሮጌ ኮርች ላይ ነው። ኮርችን ለዚህ አገር ሰው ማስተዋወቅ ነውር ነው፤ ከሌሞ እስከ አንጋጫ ስንቱ ያደገው በኮርች አጥር ውስጥ ነው። ለማያውቀው ግን ግንዱ እሾሃም፣ እንጨቱ ልፍስፍስ፣ ለማገዶ ቢሉት የሚጨስ፣ ለቤት ቢሉት የሚነቅዝ ዛፍ ነው። በበጋ ቅጠሉን እርግፍ ያደርጋል። ሌላው ዛፍ አቧራ ጠጥቶ ሲያንቀላፋ እሱ እርቃኑን ቆሞ ደም የመሰለ ቀይ አበባ ያብባል።

«ይህ ነገር የከተማችንን ገጽታ አይመጥንም» አሉ አቶ አቤሴሎም። «ጃካራንዳ እንትከልበት። አበባው ሐምራዊ ነው። ዘመናዊ ነው። የትልልቅ ከተማ ፎቶ ብታዩ የሱ አበባ የሌለበት የለም።»

ኮሚቴው ውስጥ ባለሙያ ተብላ የተቀመጠችው ጵርስቅላ፣ የዚያው ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ናት። እውነት ሳትናገር ከዋለች እንቅልፍ አይወስዳትም። ተማሪ «የሌሊት ወፍ ወፍ ናት» ብሎ ከጻፈ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን አንስታ የፈተና ወረቀቱን ጀርባ ሁሉ በማብራሪያ ትሞላለች። ኮርቹ ደግሞ ለእሷ እንዲሁ ዛፍ አልነበረም። አባቷ መምህር ገብረሚካኤል በወጣትነታቸው ወደዚህ ትምህርት ቤት ሲመደቡ፣ ከአንጋጫ በትከሻቸው ተሸክመው ካመጡት እንጨት የበቀለ ነው።

ጋሽ ገብረሚካኤል አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ ዓይናቸውም ከድቷቸዋል። ሐኪሞቹ «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም» ብለዋቸዋል። ሰውን በድምፁና በእርምጃው እንጂ በመልኩ አይለዩም። ሰማያዊውም ሐምራዊውም አረንጓዴውም ተራ በተራ ተሰናብቷቸው፣ የቀራቸው ቀለም ቀይ ብቻ ነው። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ነውና፣ በጋ በገባ ቁጥር ጠዋት ወንበራቸው ደጅ ይወጣል። ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቀይ ነገር ዞረው ይቀመጡና «ዛሬም አለ» ይላሉ። ጵርስቅላ ይህን ሳትሰማ ወደ ሥራ አትሄድም።

ታዲያ «ይቆረጥ» ሲባል ዝም ትላለች? ብድግ ብላ «ከመቁረጣችን በፊት ሁለቱ ዕፅዋት በሙያ ይነጻጸሩ» አለች። አቶ አቤሴሎም ደስ አላቸው፤ «በሙያ» የሚል ቃል በሰሙ ቁጥር ቦርሳቸውን ደባበስ ያደርጋሉ። «አንቺው ጻፊው፤ ምደባቸውን፣ የጥበቃ ደረጃቸውን፣ ሁሉንም» አሏት። እሷም በልቧ «አለቀ፣ ዳነ» አለች። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ ዛፍ መሆኑን የሰማ ሰው እንዴት መጋዝ ያነሳል? ምስኪን! ባዮሎጂ አስተማሩአት እንጂ ስብሰባ አላስተማሩአትም።

አባቷም ይባስ አደፋፈሯት። «እውነቱን ጻፊ ልጄ። እውነቱ ይበቃዋል» አሏት።

ንጽጽሩ የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። የታሸገ ውሃ ተደረደረ፣ ለውዝ በሰሃን መጣ፣ አባላቱ ለውዙ እስኪያልቅ በሙሉ ልብ ተገኙ። ጵርስቅላ ቆመች።

«ሁለቱም አበባ የሚያብቡ ዕፅዋት ናቸው» ብላ ጀመረች። አቶ አቤሴሎም ጻፉ። «በሳይንሳዊ ምደባ ግን ቤተሰባቸው ይለያያል። ጃካራንዳ ቢግኖኒያሴ የሚባል ቤተሰብ ነው። ኮርች ደግሞ ፋባሴ ነው፤ የእነ ባቄላ፣ የእነ አተር፣ የእነ ምስር ቤተሰብ።»

የሰብሳቢው እስክሪብቶ ቆመ። «ምን ነው ያልሽው? ባቄላ?»

«አዎ። ፍሬውን ቢያዩት እንደ ባቄላ ነው የሚያፈራው።»

«የከተማችን መግቢያ ላይ ተገትሮ የኖረው የባቄላ ዘመድ ነው?»

የግንባታው ባለሙያ ፈትሁዲን ለውዙን እየፈለፈለ «በቃ፣ የሽሮ ዛፍ ነዋ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጵርስቅላም እንደምንም ፈገግ አለች፤ መምህር ናት፣ የሚያስቅ ተማሪ ለምዳለች።

«ያኛውስ?» አሉ ሰብሳቢው እንባቸውን እየጠረጉ። «የጃካራንዳ ዘመዶች እነማን ናቸው?»

«በጓሯችን የምናውቀው ዘመድ የለውም።»

«አየሽ! ጨዋ ነው» አሉና ጻፉት።

ጵርስቅላ አልተሸነፈችም፤ ዋናው ነገር ከኋላ እየመጣ ነው። «ወደ ጥበቃ ደረጃ ስንመጣ» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ኮርች በተፈጥሮ የሚገኘው በዚህች በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ለጊዜው የመጥፋት ስጋት ከሌለባቸው ዕፅዋት ተርታ ተመድቧል። ጃካራንዳ በትውልድ አገሩ፣ በእነ አርጀንቲናና ቦሊቪያ፣ ደኑ ለእርሻ ስለሚመነጠር ለመጥፋት የተጋለጠ ተብሏል። በሌላው ዓለም ግን...»

ከ«ግን» በኋላ ያለውን የሰማ የለም። አቶ አቤሴሎም ከመቀመጫቸው ተነስተዋል።

«ቆይ ቆይ ቆይ! ጃካራንዳ ሊጠፋ ነው?»

«በትውልድ አገሩ፣ በዱር ያለው ነው እንጂ በየከተማውማ ሞልቷል...»

«ተጋልጧል ወይስ አልተጋለጠም?»

«ተጋልጧል፤ ግን...»

«ኮርችስ?»

«ስጋት የለበትም፤ ግን...»

«እንግዲህ አንቺው ተናገርሽ!» አሉና ወደ ጉባኤው ዞሩ። ፊታቸው አበራ። «ጓዶች፣ አንዱ አገሩ ያሳደደው ስደተኛ ነው። ሌላው ጤናው የተሟላ፣ በየአጥሩ ሞልቶ የተረፈ ነው። ታማሚውን ከደጅ መልሰን ጤነኛውን እናስታምም? ሆሳዕና እንግዳ ገፍታ ታውቃለች?»

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። የጵርስቅላ ደም ፈላ። «አቶ አቤሴሎም፣ እኛ እዚህ ጃካራንዳ ብንተክል የቦሊቪያ ደን አይድንም! ኮርችን ግን እኛ ካልጠበቅነው ሌላ አገር የለው፣ ሌላ ሰው የለው! ደግሞ ዛሬ ስጋት የለበትም የተባለው እየቆረጥን እንድንጨርሰው ነው እንዴ?»

«ስሜታዊ አትሁኚ ቲቸር» አሉ በአባት ቃና፤ ዕድሜያቸው እንኳ ከእሷ ብዙ አይበልጥም። «እኛ ሳይንሱን ነው የተከተልነው። ያውም ያንቺን።»

ቃለ ጉባኤውም ያንን አለ፤ በመምህርት ጵርስቅላ ሙያዊ ንጽጽር መሠረት ኮርቹ እንዲቆረጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ምስጋናም ተጨመረበት። ሲወጡ እጇን እየጨበጡ «በርቺ» አሏት። ከጤና ጽሕፈት ቤት የመጣችው ጓደኛዋ ወይንሸት ብቻ ክንዷን ያዝ አድርጋ «አይዞሽ» አለቻት። በምን እንደምታጽናናት እሷም አላወቀችም።

ቤት ስትደርስ አባቷ ደጅ ተቀምጠዋል። ጥር ነበር፤ ኮርቹ በአበባ ተንበሽብሿል። ከእርምጃዋ አወቁ።

«ምን አሉሽ?»

«ይቆረጣል አባባ።»

«ማነው እንዲቆረጥ ያለው?»

«እኔ» አለች፤ ሳጓም አብሮ መጣ። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ባቄላውን፣ ስደተኛውን፣ ጭብጨባውን።

ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «የጻፍሽው ውሸት ነበረበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያውስ ምን ታደርጊያለሽ» አሉና ፊታቸውን ወደ ቀዩ ነገር መለሱ። ቢቆጧት፣ ቢሰድቧት፣ «ምነው አፍሽን ብትዘጊ» ቢሏት በተሻላት ነበር። ትታቸው ገባች።

ዛፉ በሳምንቱ ከነአበባው ወደቀ። ጋሽ ገብረሚካኤል መጋዙ እስኪያበቃ ከወንበራቸው አልተነሱም። በማግስቱም ወጥተው ተቀመጡ፤ ወዲያ ዞሩ፣ ወዲህ ዞሩ፣ ዓይናቸውን ጠራረጉ። በሦስተኛው ቀን ጵርስቅላ ወንበሩን ልታወጣ ስትል «ተይው» አሏት። ወንበሩ ከበሩ ኋላ ቀረ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሥራ ስትሄድ የጓሮውን በር መረጠች፤ የአባቷን ፊት የምታይበት ፊት አጣች።

ስደተኞቹ ጃካራንዳዎች መጡና በክብር ተተከሉ። ንግግር ተደረገ፣ ሪባን ተቆረጠ። ንግግሩን ሰምተው የማያውቁት የሆሳዕና ፍየሎች ግን እንግዳ አቀባበል በራሳቸው መንገድ ጀመሩ። የአንዱን ጫፍ ቀነጠሱለት። ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

«የብረት አጥር ጠይቀን የለም ተብለናል» አሉ አቶ አቤሴሎም። «ነገር ግን መፍትሔ አግኝቻለሁ። የተቆረጠው ኮርች ደጁን አጣቦት ተኝቷል። ማገዶ አይሆን፣ የሚወስደው ሰው የለ። ለምን ችካል አስጠርበን፣ መሬት ላይ ተክለን ችግኞቹን አናጥርበትም? ደጁ ይጸዳል፣ ፍየሉም ይከለከላል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ!»



እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ኮርች የሚተከለው በዘር አይደለም፣ ችግኝ ተፈልቶም አይደለም። ከዛፉ ላይ ቅርንጫፍ ይቆረጣል፣ መሬት ይሸጎጣል፣ በቃ። ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል። በየቤቱ አጥር የሆነውም ስለዚህ ነው፤ ችካሉ ራሱ ዛፍ ይሆናል። ጋሽ ገብረሚካኤል ያን ጊዜ በትከሻቸው ተሸክመው የመጡትም እንዲህ ያለ ችካል ነበር። ይህን በሌሞም በአንጋጫም አፉን የፈታ ሁሉ ያውቃል። የማያውቅ ቢኖር በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ያደገ ነው።

ጵርስቅላ አፏን ከፈተች። ልማድ ነዋ! «አቶ አቤሴሎም፣ እንዲህ ከተተከለ እኮ ይበቅላል» የሚለው እውነት ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ዞር ብላ አየች። ወይንሸት የውሃ ጠርሙሷ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እንደ ሐዋርያ መልእክት አተኩራ ታነባለች። ያ «የሽሮ ዛፍ» ባዩ ፈትሁዲን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ የአባቱ የሌሞ ቤት አጥር ዙሪያውን ኮርች ነው። የቀሩትም አንዱ ጫማውን ያስራል፣ አንዱ የሌለ ለውዝ ይፈልጋል። ያደጉበት አጥር ትዝ ብሏቸው ይሁን፣ ያጨበጨቡት ጭብጨባ ቆጭቷቸው፣ እንጃ። ብቻ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

«ባለሙያዋ አስተያየት አለሽ መሰለኝ?» አሉ ሰብሳቢው።

ጵርስቅላ እውነቷን ዋጠች። ስትወርድ እንደ ትኩስ ድንች አንገበገበቻት። «የለኝም» አለች። «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው።»

«ግን የለውም?»

«ግን የለውም።»

አቶ አቤሴሎም ተደነቁ። «አየሽ፣ ቀስ በቀስ እየገባሽ ነው» አሏት። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ እንዲህ ያለ አንድነት ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ ታይቶ አይታወቅም።

ያን ቀን ጵርስቅላ ቤቷ የገባችው በፊት ለፊቱ በር ነው። ለአባቷ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ጋሽ ገብረሚካኤል ዛፉ ከተቆረጠ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ዝም አልሽ? አንቺ? ጵርስቅላ?» እያሉ ደግመው ደጋግመው ጠየቋት። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው «ወንበሬን አምጪልኝ። መንገዱን አሻግሪኝ» አሉ።

ችካሉ ሲተከል ሽማግሌው መሐል ተሰይመው ዋሉ። ማየት ቢሳናቸው እያንዳንዱን ችካል በእጃቸው ይዳብሱታል። «ወፍራሙ ጫፍ ወደ ታች! ገልብጠኸዋል አንተ፣ መልሰው! ቅርፊቱን አትላጠው!» ይላሉ።

«አባባ፣ ለፍየል እኮ ነው» አለ አንዱ ሠራተኛ። «ምን እንዲህ አስጨነቀዎት?»

«ፍየልን አታውቃትም። ጠለቅ አድርገው።»

አቶ አቤሴሎም በዚያ ሲያልፉ ልባቸው ተነካ። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱና ለአለቆቻቸው ላኩ፤ ከሥሩም «የአገር ሽማግሌዎች ለጃካራንዳ ልማት ያሳዩት ተነሳሽነት» የሚል ጻፉበት።

የበልግ ዝናብ መጣ። ስደተኞቹ ጃካራንዳዎች ብርድ ብርድ አላቸው። አንዱ ደረቀ፤ ሌላው ጫፉን ፍየሏ የቀመሰችው ነበርና እሱም ተከተለ፤ አንዱ ብቻ እንደነገሩ ቆመ። ለመጥፋት የተጋለጠ ነው መባሉን ሆሳዕና ድረስ መጥቶ አስመሰከረ። አጥሩ ግን! ኧረ አጥሩ! መጀመሪያ በየችካሉ ጫፍ አረንጓዴ ነጥብ አወጣ፤ ነጥቡ ቅጠል፣ ቅጠሉ ቅርንጫፍ ሆነ። ሰኔ ሲገባ ችግኝ ለማየት የመጣ ሰው ጥቅጥቅ ያለ የኮርች ዙሪያ ነበር የሚያየው።

አቶ አቤሴሎም መጥተው ፊት ለፊቱ ቆሙ። ጵርስቅላም ከትምህርት ቤቱ በር ብቅ አለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አጥሩ ነው።»

«ምን ሆነ?»

«በቀለ።»

ቦርሳቸውን ወደ ጎን ገፉት። «ሊበቅል እንደሚችል የሚያውቅ ሰው አልነበረም?» አሉ። ጵርስቅላ ስለ ፍየል ጠባይ የተጠየቀች ይመስል አየቻቸው። ሊያስነቅሉት ባሰቡ ነበር፤ ነገር ግን ከክልል ጎብኚዎች እየመጡ ነው፤ ከተነቀለ የሚታየው ባዶ መሬትና አንድ ከሲታ ጃካራንዳ ነው።

ጎብኚዎቹ መጡ። አቶ አቤሴሎም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ የምታዩት ኮርች ይባላል» አሉ። «በተፈጥሮ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው! እኛ ካልጠበቅነው ሌላ አገር የለውም፣ ሌላ ሰው የለውም! ከባቄላ ቤተሰብ የተወለደ ክቡር ዛፍ ነው። ኮሚቴያችን አንዱን ያረጀ ዛፍ በሳይንሳዊ መንገድ ወደ ብዙ ወጣት ዛፎች አባዝቶታል።»

ጵርስቅላ ከኋላ ቆማ የራሷን ቃል በሌላ ሰው አፍ ሰማች። ወይንሸት በክርኗ ጎሰም ባታደርጋት ኖሮ «ግን» ማለቷ አይቀርም ነበር። አቶ አቤሴሎም ተሸለሙ። ሌላ ሰርተፊኬትና ሌላ ቦርሳ አገኙ፤ አሁን በሁለቱም ትከሻቸው አንድ አንድ አንጠልጥለው ይሄዳሉ።

ይሁንና ለጋሽ ገብረሚካኤል ቅጠል ምን ያደርግላቸዋል? አረንጓዴ አይታያቸው። ክረምቱ አልፎ በመጣው በጋ ችካሎቹ ቅጠላቸውን አረገፉ እንጂ አበባ አላወጡም። ሽማግሌው ወንበራቸውን እያስወጡ ይቀመጣሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ምንም ሳይሉ ይገባሉ። ጵርስቅላ «ገና ልጅ ነው አባባ፣ ይደርሳል» ትላቸዋለች። እሳቸው ይደርሱ እንደሆነ ግን አታውቅም፤ ዓይናቸው ከእለት እለት እየባሰ ነው። ቀዩም አንድ ቀን እንደሌላው ተሰናብቷቸው ይሄድ እንደሆነ ብላ ትፈራለች።

በቀጣዩ ዓመት፣ በታኅሣሥ አንድ ጠዋት፣ ደብተሮቿን ታቅፋ ልትወጣ ስትል ጠሯት።

«ጵርስቅላ፣ እስቲ ነይ። ከመንገዱ ማዶ የሆነ ነገር አለ?»

ተመለከተች። መጀመሪያ ምንም አላየችም። ከዚያ ከሁሉም ወፍራሙ ችካል ጫፍ ላይ፣ ቅጠሉ በረገፈበት፣ ከጭብጥ የማትበልጥ አንዲት የአበባ ዘለላ አየች። እሷ ጤነኛ ዓይን ይዛ ፈልጋ ነው ያገኘቻት።

«ምን ዓይነት ነገር አባባ?» አለች።

«ቀይ ነዋ።»

ደብተሮቿን መሬት አስቀምጣ ከወንበራቸው አጠገብ ቁጭ አለች። ደወል ተደወለ፣ ተማሪዎቹ ገቡ፣ እሷ አልተነሳችም። አባቷ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዋን ፈልገው አገኙ።

«ዛሬም አለ» አሉ።